የከል አጥር

«እሷ ከል ለብሳ እስካለች ድረስ እኔ አጥር ምን ያደርግልኛል?» አለ ቦናኬሌ፤ በስልክ ነው የሚያወራው፣ እየሳቀም ነበር። «አጥሬ ራሷ ናት ስልህ! የሽቦ አጥር እንኳ ይዘለላል። እሷ ግን አንድ እግሯን እዚህ አታሳርፍም። አንተ ብቻ ሦስት ሳምንት ታገሰኝ።»

ኖዚቤሌ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ፣ መሬት ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ እንደተቀመጠች፣ የሻይ ኩባያዋ ከአፏ ሳይደርስ ክው ብላ ቀረች። የወጥ ቤቱ መስኮት አንደኛው መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል፤ በካርቶን ነው የተደፈነው፤ ካርቶን ደግሞ ነፋስ እንጂ ወሬ አያግድም። ከመስኮቱ ባሻገር፣ ከጓሮው ቆርቆሮ ሥር፣ አራቱ የካናቢስ ተክሎች ከሰው ቁመት በላይ ሆነው ቆመዋል። ቦናኬሌ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ሸጉጦ አንዱን ቅርንጫፍ እያገላበጠ ያያል። የሟች ባሏ የሉንጊሳ ታላቅ ወንድም ነው። ዓመት ሙሉ «የወንድሜን ጓሮ ዳዋ አላስበላም» እያለ ማለዳ ማለዳ ውሃ ሊያጠጣ ሲመጣ፣ እሷ ደግሞ ከዚሁ መስኮት ሆና «እግዜር ይስጥልኝ ቡቲ፣ ወንድሜ፣ እንዳንተ ያለ ታላቅ ወንድም ለሁሉም ሰው ያድለው» ስትለው ኖራለች። ለምስጋናዋ አፍራ ፊቷ ጋለ። ምናልባት ስለ ሌላ ሰው ይሆናል ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች፤ ግን በዚያ ሰፈር ከል ለብሳ አጥር የምትሆን ሌላ ሴት አልነበረችም።

ነገ፣ ቅዳሜ፣ ሉንጊሳ ከሞተ ድፍን ዓመቱ ነው። ምዳንትሳኔ ውስጥ ባሏ የሞተባት ሴት ዓመቱን እንዴት እንደምትገፋው ሁሉም ያውቀዋል፤ ኖዚቤሌም እንደ ደንቡ ገፍታዋለች። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ትከሻዋ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ጥቁር ሻል። ታክሲ ውስጥ ቦታዋ የኋላው ወንበር ነው፤ አጠገቧ ማንም አይቀመጥም፣ ከአሥራ አራቱ ራንድ ግን አንድም የሚቀንስላት የለም። ባለሱቁ መልሷን በእጇ አይሰጣትም፤ ባንኮኒው ላይ ይጥልላታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት መግባት፣ ድምፅ ከፍ አለማድረግ፣ ከበር ጀርባ መቀመጥ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደ ተክል አለመጠጋት። ከል የለበሰች ሴት ጥላዋ ከባድ ነው፤ ያረፈበት ቡቃያ ይመክናል፤ ከዚያ ቡቃያ የበላ፣ የጠጣ ወይም ያጨሰ ሰው የሟቹን ዕጣ ይካፈላል። የልብስ ማስጫው ገመድ ያለው ጓሮ ስለሆነ ዓመት ሙሉ ልብሷን ያሰጣችላት ጎረቤቷ ማድሎሞ ናት። ኖዚቤሌ በዚህ አታጉረመርምም። ታምንበታለች፤ እናቷም አያቷም ያመኑት ነው። የከፋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከተማ ባሕሩ ዳር ያለው ሆቴል ወጥ ቤት የነበራት ሥራ። እንግዶቹ ጥቁር ለባሽ ያበሰለችውን አይበሉም ብለው በአንድ ወር ውስጥ በትሕትና አሰናበቷት።

ሰኞ ግን ሌላ ሥራ ይጠብቃታል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት የልጆቹን ምሳ የሚያበስል ሰው ትፈልጋለች፤ «ከልሽን አውልቀሽ ሰኞ ጠዋት ነይ። ሰኞ ካልመጣሽ ግን እማማ፣ በሬ ላይ የተሰለፉ አርባ ሴቶች አሉ» ብላታለች። ለዚህ ነው ሰሞኑን ቤቱ በሥራ የተጠመደው። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት በርሜል ጠላ አረፋ ደፍቆ ይንሾካሾካል፤ ደጅ ላይ በሁለት ሺህ አራት መቶ ራንድ የተገዛ በግ ታስሯል፤ ልጇ ከኬፕታውን የላከችው ብርቱካናማ አበባ ያለበት አዲስ ቀሚስ ከነላስቲኩ ቁም ሣጥኑ ላይ ተሰቅሏል። ነገ ጠዋት ከሉ ይወልቃል፣ ይቃጠላል፤ ገላዋን ታጥባ ያንን ቀሚስ ትለብሳለች። ከዚያም በጓሮው በር ወጥታ ወደ ተክሎቿ ትሄዳለች። ይህን የመጨረሻውን ለማንም አልተናገረችም፤ ለካ ቦናኬሌ ሳይነገረውም ያውቃል።

ተክሎቿ ነው ያልኩት። ሰፈሩ ሁሉ ካናቢሱን «የሉንጊሳ ዳጋ» ነው የሚለው፤ ሉንጊሳ ራሱም ጠላ ሲቀምስ «የእኔን ተክል አይታችኋል?» ማለት ይወድ ነበር፤ እሷም ትተወው ነበር፣ ባል አይደል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ኖዚቤሌ የሉሲኪሲኪ ልጅ ናት። እዚያ ወንዶቹ ማዕድን ሊቆፍሩ ሲሄዱ ይህን ተክል በገደሉ ላይ አሳድገው ልጅ ያስተማሩት እናቶች ናቸው። እናቷ በየዓመቱ ከምርጡ ተክል ዘር እየለቀመች ታስቀምጥ ነበር፤ ኖዚቤሌ ስትዳር ከብርድ ልብስና ከድስት ጋር በሰናፍጭ ጣሳ ያ ዘር ተሰጣት። መጀመሪያ ከሽንት ቤቱ ጀርባ በድብቅ ነበር የሚያሳድጉት። በኋላ ሕጉ ሰው በገዛ ቤቱ ለራሱ እንዲተክል ሲፈቅድ፣ መሸጡን ግን ሲከለክል፣ ወደ ፀሐዩ አወጡት። ሉንጊሳ ጉልበቱን ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ሰብሮበታል። እሑድ እሑድ ከሰዓት ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው፣ እሱ አንዷን ጠቅልሎ እያጨሰ፣ እሷ ሻይዋን እየጠጣች፣ ስለ ልጃቸውና ስለ ጣራው ቀዳዳ ያወራሉ። ያ ነበር የጋብቻቸው ደህና ሰዓት።

ባሏ ከሞተ በኋላ ባለፈው ጥቅምት ቦናኬሌ ጣሳውን ጠየቃት፤ ሰጠችው፤ አንድ ፍሬ ሳያስቀር ዘራው። በጋውን ሙሉ ታዲያ ኖዚቤሌ ጓሮውን በመስኮት አረሰች። «ዛሬ ውሃ አታጠጣው ቡቲ፣ ቅጠሉ ከብዶታል።» «ጫፏን ቅጠፍላት፣ ወደ ጎን ትስፋ።» ጥር ላይ ከማዕዘኑ ያለው ወንድ ተክል ከረጢቶቹን ማንጠልጠል ሲጀምር ደግሞ «ዛሬውኑ ንቀለው! ሴቶቹን ካስረገዛቸው ፍሬ ብቻ ነው የሚያፈሩልህ» አለችው። እሱም ሳቀባት፤ በጎሳ ስሟ ጠርቶ «ማኛውዛ፣ ጭራሽ በወንድሜ ቤት ወንድ ይነቀላል?» አላት። በማግሥቱ ግን ነቀለው፤ ለጎረቤትም እሱ ያወቀው አስመስሎ አወራ። እሷም ተወችው። ጓሮውን ለእሷ እየጠበቀላት መስሏት ነበር። እሱ እጅ፣ እሷ አፍ ሆነው ያሳደጉት መስሏት ነበር። አሁን በካርቶኑ ስንጥቅ አሻግራ ስታየው የገዛ ሞኝነቷ ነው ያስደነገጣት። ሦስት ሳምንት ማለቱ ትክክል ነው። የአበባው ፀጉር ገና ግማሹ ነው የጠቆረው፤ ሙጫውም እንደ ወተት አልነጣም። ይህንንም ያስተማረችው እሷ ናት።

«ማኮቲ፣ ምን ሆነሽ ነው? ሻይሽ እኮ ቆዳ አወጣ» አሉ አክስት ኖፒንዲሌ፣ በአንድ እጃቸው ወገባቸውን ደግፈው ከጓዳ እየወጡ። የሉንጊሳ አባት እህት ናቸው። ነገ ከሉን የሚያወልቁት እሳቸው ስለሆኑ ትናንት ከገጠር በአውቶቡስ መጥተዋል። ኖዚቤሌ ከተዳረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ለእሳቸው ግን ዛሬም «ማኮቲ»፣ ሙሽራዋ ናት። መልስ ሳትሰጣቸው ቦናኬሌ እግሩን እየጠራረገ ገባና በአጠገቧ አልፎ ሳሎን ተቀመጠ። «አክስቴ፣ አንድ ጉዳይ ነበረኝ፣ ቁጭ በሉልኝ» አለ። ድምፁ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ነበር።

ጉዳዩ የዓመቱ አቆጣጠር ነው። ሉንጊሳ ከሞተ ነገ ዓመቱ ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን አስከሬኑ ሦስት ሳምንት ሬሳ ቤት ቆይቷል፤ ዘመድ ከማዕድኑ እስኪሰበሰብ። «ሰው የሞተው አፈር ሲለብስ አይደለም ወይ? እኔ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ አክስቴ። ብንቸኩልና ወንድሜ ቢቀየመንስ? ከቀብሩ እንቁጠር። ፋሲካ ይለፍ።» አክስት ኖፒንዲሌ በርሜሎቹን አዩ።  «ጠላው እኮ ደርሷል» አሉ። «ጠላማ ይጠጣል፤ የአባቶች ነው፣ ለምን ይበላሻል?» «በጉስ?» «በግ ሦስት ሳምንት ሣር ቢበላ ምን ይጎድለዋል?»  ኖዚቤሌ ከበሩ ጀርባ ሁና የእሳቸውን ትንፋሽ ትጠብቃለች። እንደ ደንቡ እንዲህ ባለው ምክር ላይ እሷ አትናገርም፤ ስለ እሷ ነው የሚነገረው። «ታላቁ አንተ ነህ» አሉ አክስትየዋ። «ካልክ ምን ይደረጋል። ከሰዓት ታታ ዊልሰን ይመጣል፣ በእሱ ፊት ተናገረው።» ኖዚቤሌ ዓመት ያስቆጠራት ሰው አንድ ቀን ሲቀራት እንዲህ በሁለት ቃል ቀኗን ይገፋባታል ብላ አላሰበችም።

ረፋዱ ላይ ማድሎሞ ሁለት ዳቦ ይዛ መጣች። «አሥራ ዘጠኝ ራንድ ሆነ አንዱ፤ ዘንድሮ ባለሱቁም ሌባ ሆኗል» እያለች ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ከዚያ የኖዚቤሌን ፊት አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። ኖዚቤሌ የሰማችውን ከስልኩ ጀምራ ነገረቻት። ማድሎሞ አፏን በእጇ ያዘች። «ዮ! ዮ! ይሄ ሰውዬ ዓይኑን በጨው ነው የሚያጥበው? ገዢ አለዋ! ከደርባን የሚመጣው ባለ ነጭ መኪና፣ ያ ባለፈው በሬ ላይ ቆሞ መንገድ የዘጋብኝ… እኔስ ዘመድ መስሎኝ ሰላም ብዬዋለሁ። ሰኞስ? ሴትየዋ ትጠብቅሻለች?» «አትጠብቅም።» «ታዲያ ለአክስትየዋ ንገሪያቸዋ፣ ምን አፍሽን ይዘሽ ትቀመጫለሽ! ሰው እንደሆነ የተዘጋን አፍ አያነብም።» ይህን ብላ የታጠበውን ልብስ በባልዲ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ኖዚቤሌ በመስኮቱ ታያታለች። ማድሎሞ ገመዱ ጋ ለመድረስ በተክሎቹ መሃል ጎን ለጎን ስታልፍ፣ አንዷ ዘለላ ፀጉሯ ላይ ተጣበቀች፤ እሷም ነጥላ ጣለቻት። እንዲህ እንደ ቀላል ነገር ማለፍ ይቻል ነበር።

እኩለ ቀን ላይ አክስትየዋ ለበዓሉ የተቀቀለ በቆሎ ሊቀምሱ ወጥ ቤት ሲገቡ፣ ኖዚቤሌ ከምንጣፏ ሳትነሣ ነገረቻቸው። በለሆሳስ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ስልኩን፣ አጥር ያላትን፣ ሰኞን። አክስት ኖፒንዲሌ ማንኪያውን ይዘው ቆሙ።  «እኔ ይሄን ነገር ሁለት ዓመት ለበስኩት» አሉ ቆይተው። «ሁለት ዓመት! የባሌ ወንድሞች ላሞቹን ተካፍለው እስኪጨርሱ። አውቀው ነበር። ማን እንደነገረኝ ታውቂያለሽ? ማንም። ገባኝ።» ኖዚቤሌ ቀና አለች። «ታዲያ ንገሩልኝ፣ አክስቴ!» «ምን ብዬ? ከል የለበሰች ሴት በመስኮት ሰማች ብዬ? እሱ አልወጣኝም ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ሐዘን አናውጧት ነው ይላሉ፤ ቃልሽም ከልሽም አንቺው ላይ ይቀራል። ልጄ፣ ወንድ በገዛ አፉ ካልመለሰው ሴት አትመልሰውም።» በቆሎውን አላምጠው «ጨው ያንሰዋል» ብለው ወጡ። ኖዚቤሌ ተነሥታ ጨው ጨመረች። ካለመታመን ይልቅ መታመኗ ነበር የባሰባት፤ ሴትየዋ አመኗት፣ ምንም አልተለወጠም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታታ ዊልሰን ከሁለት የጎሳው ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ሰማንያ ያለፋቸው፣ በዚያ ሙቀት ካፖርታቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው፤ የጎሳው ነገር እሳቸው ጋ ነው የሚያልቀው። ሳሎኑ በጠላ በርሜል ስለተያዘ ቦናኬሌ ወንበሮቹን ወደ ጓሮ አወጣና ከግድግዳው ጥላ ሥር፣ ከተክሎቹ ሦስት ክንድ ርቀት ላይ አስቀመጣቸው። ዓላማውም ነበረው፤ ሊያሳያቸው ፈልጓል። ጉራውን ነፋ። «ይኸው የወንድሜ ዘር። ይኸው ያላንዳች እገዛ ብቻዬን። ሽታውን ብቻ አሽትቱት! ሴት ልጅ ናት ስልዎት ታታ፣ እንዲህ ናት የምትታቀፈው።» ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ጠላ ተቀዳላቸው። ከዚያ ቦናኬሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ስለ ወንድሙ ነፍስና ስለ አቆጣጠሩ ጀመረ። አክስት ኖፒንዲሌ በበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው አቧራውን በጣታቸው ይጭራሉ። «…ስለዚህ ታታ፣ ማኛውዛ ከሉን እስከ ፋሲካ ማግሥት ትልበሰው እላለሁ። ለራሷም ደህንነት ነው።» ታታ ዊልሰን ጠላውን ዋጥ አድርገው «እምም» አሉ። እምም ማለታቸው ነገሩ ሊያልቅ ነው ማለት ነው።

ኖዚቤሌ ያን ጊዜ ተነሣች። አላቀደችውም። ከመሳቢያው መቀሱን ማንሣቷን ታስታውሳለች። በደፉ ላይ ያሉትን አክስቷን «ይቅርታ አክስቴ» ብላ በላያቸው መሻገሯን ታስታውሳለች። ከዚያ ዓመት ሙሉ ያልረገጠችውን መሬት ረገጠች። ፈራች፤ ከልቧ ፈራች። እሷ እንደ ቦናኬሌ እንዳመቸው የምታምን ሴት አይደለችም። ጥላዋ ከፊቷ ረዝሞ፣ ከእሷ ቀድሞ የመጀመሪያዋን ተክል እግር ነካ፤ አየችው፣ ግን አልቆመችም። ገብታ መሃላቸው ቆመች። የመጀመሪያዋን ግንዷን ያዘቻት። ሁለተኛዋን። ሦስተኛዋን በሁለት እጇ እቅፍ አደረገቻት፤ ጥቁሩ ሻል ዘለላዎቹ ላይ ተጣበቀ። አራተኛዋን፣ ትልቋን፣ በግንባሯ ነካቻት።

የአንዱ ሽማግሌ ጣሳ ወድቆ ጠላው ፈሰሰ። ማንም አላነሣውም። ቦናኬሌ እባብ እንዳየ ሰው ወደ ኋላ ዘሎ ወንበሩን ገለበጠ። «ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽ! አበድሽ?» ይላል፤ እየጮኸ ግን አንድ እርምጃ አይጠጋም። ገበናው ያን ጊዜ ታየ፤ እሱም ያምናል። ታታ ዊልሰን በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ፤ ካፖርታቸውን አስተካከሉ። በእንዲህ ያለ ድፍረት ሴት ስትረገም እንጂ ስትጠየቅ አይታወቅም፤ እሳቸው ግን ጠየቁ። «ማኛውዛ፣ ይህን ያደረግሽው ምን ሆነሽ ነው?»

«አጥር ናት ስላለኝ ነው አባባ» አለች።  «ዛሬ ጠዋት በስልክ። ከል ለብሳ እስካለች አጥሬ ናት፣ ሦስት ሳምንት ታገሰኝ አለ። አጥር ደግሞ ቦታው እዚህ ነው።»

አክስት ኖፒንዲሌ ከደፉ ላይ «ሂ!» አሉ፤ ሳቅ ይሁን ሲቃ አልታወቀም። ቦናኬሌ ውሸት ነው ሊል አፉን ከፈተ፤ ታታ ዊልሰን በምርኩዛቸው ዝም አሰኙት። ወደ ተክሎቹ ዞረው አተኩረው አዩ። «እንግዲህ ቦናኬሌ፣ ታላቁ አንተ ነህ፣ አንተ ፍረድ» አሉ። «ዓመቱ ከቀብር ይቆጠራል ካልክ፣ ይህች ልጅ በከሏ መሃል ናት፣ ጥላዋም ሙሉ ነው። ይሄ ሁሉ ተነቅሎ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቃጠላል፤ ለሰውም አይሰጥም፤ የሰጠኸው ሰው ቢሞት ከእኛ ነው። ዓመቱ ከሞቱ ይቆጠራል ካልክ ግን ነገ ታወልቃለች፤ የከል ጭራ ቀላል ነው፤ ጠላ ተረጭቶበት ይነጻል። የቱ ነው?»

ቦናኬሌ ሴትየዋን አየ፣ ተክሎቹን አየ፣ እንደገና ተክሎቹን አየ። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ወንድሙ በሕልሙ እንዳልመጣ፣ እንቅልፍም እንዳላጣ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አወቀ። «ከሞቱ ነው» አለ። «ከሞቱ ይቆጠር። እኔም እኮ… ነገ ታውልቅ። ከሞቱ ነው።»

«ተሰማ?» አሉ ታታ ዊልሰን። «ተሰማ» አሉ ሁለቱ ሽማግሌዎች። «ተሰማ» አሉ አክስት ኖፒንዲሌ፣ ከሁሉም ጮክ ብለው። ቦናኬሌ እፎይ ብሎ ጠላ ሊያመጣ ወደ ቤት ዞረ፤ በተክሎቹ ላይ የሚረጨውን ጠላ።

ኖዚቤሌ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። «እግዜር ይስጥልኝ አባባ» አለች። «ለእኔ ብለው ነው ያቀለሉት። ዛሬ ግን አርብ ነው። የሚወልቀው ነገ ነው፤ እስከዚያ ጥላዬ ሙሉ ነው።» ጎንበስ ብላ መቀሱን ከመጀመሪያዋ ተክል ግንድ ሥር ከተተች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ጨመቀች፤ ግንዱ ተሰነጠቀ፣ ተክሏም ከነዘለላዋ ዘንበል ብላ ቆርቆሮው ላይ ወደቀች። ሽታው ጓሮውን ሞላው፤ ለጋ፣ ያልበሰለ፣ ሦስት ሳምንት የቀረው ሽታ። ቦናኬሌ ማሰሮውን እንደያዘ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ሁለተኛዋ ወደቀች። «ጠንቋይ!» አለ ድምፁ ተሰንጥቆ፤ «አንቺ ጠንቋይ! ወንድሜንም የበላሽው አንቺ ነሽ!» ያ ቃል በዚያ ሰፈር ቤት ያስቃጥላል፤ ኖዚቤሌ እጇ ላይ መቀሱ ቆመ። አክስት ኖፒንዲሌ ወገባቸውን ረስተው ዘለው ተነሡ። «ምላስህን ሰብስብ! ወንድምህ ሲያቃስት ጀርባውን ያሸችው እሷ ናት፤ አንተ የት ነበርክ? ሬሳው ሦስት ሳምንት የቆየው አንተን ሲጠብቅ አይደለም?» ማንም ይህን እስከዛሬ ጮክ ብሎ አልተናገረም ነበር። ቦናኬሌ ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ሦስተኛዋ ወደቀች። የአራተኛዋን ግንድ መቀሱ አልችል አለ፤ የክንድ ውፍረት ነበራት። ኖዚቤሌ አንዷን ዘለላ ይዛ በጣቶቿ ፈረከሰቻት፤ ወንዱን እሷ ራሷ ስላስነቀለች ውስጧ አንድ ፍሬ እንኳ የለም። ጣሳውም ባዶ ነው። ከእናቷ እጅ የመጣው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል፤ ይህን አውቃ ነው የምትቆርጠው። ያቆማት ግን ይህ ሐሳብ አልነበረም፤ ጉልበት አነሳት። አክስትየዋ ወደ ወጥ ቤት ገብተው የአጥንት መቁረጫውን ትልቅ ቢላ ይዘው ተመለሱ። ራሳቸው መቁረጥ ይችሉ ነበር፤ ከል አልለበሱም። ግን ከተክሎቹ ዳር ቆመው እጀታውን ወደ እሷ አዙረው ዘረጉላት። ኖዚቤሌ ተቀበለች። በጥላዋ የመከነ ተክል ለማንም እንዳይደርስ ብላ ይሁን፣ ቦናኬሌ እንዳይበላው ብላ ይሁን፣ የቱ እንደበለጠባት እሷም አታውቅም። አራቴ መታችው። ትልቋ ተክል ስትወድቅ የልብስ ማስጫውን ገመድ ይዛ ወደቀች፤ የኖዚቤሌ አንሶላና ሁለተኛ ጥቁር ቀሚስ አብረው አፈር ላይ ተዘረጉ።

ታታ ዊልሰን ካፖርታቸውን ቆለፉ። «ነገ አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ። በጉን ሳልመጣ እንዳታርዱ» ብለው ሽማግሌዎቹን ይዘው ሄዱ። ቦናኬሌ በጎን በኩል ወጣ፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮኻል፣ አላነሣውም። ጓሮው ጭር አለ። ኖዚቤሌ ቢላውን ለአክስቷ መልሳ ልትወጣ አንድ እርምጃ ተራመደች። እዚያው፣ እሑድ እሑድ ከሉንጊሳ ጋር ይቀመጡበት በነበረው ቦታ፣ ቅጠሉ መሃል ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። እጇ በሙጫ ተጣብቋል። አክስት ኖፒንዲሌ ቆመው ጠበቋት፤ ጎረቤት በቆርቆሮው ላይ አንገቱን ማስገግ ጀምሯል።

«ተነሺ ማኮቲ፣ ሰው ያየናል። አለቀ እኮ። ነገ ታወልቂያለሽ፣ ሰኞ ሥራሽ ነው። አሁን ምን ያስለቅስሻል?»

«ተዉኝ አክስቴ» አለች። «እስከ ነገ ድረስ ሐዘንተኛ ነኝ። ላልቅስ።»